የወሊድ መቆጣጠሪያ ስንጀምር ሰውነታችን ላይ ምን ይመጣል?

ባለፈው ጥቅምት፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። የምታወራው በሹክሹክታ ነው። ባሏ ሳሎን ቁጭ ብሎ ስለነበር ሽንት ቤት ገብታ በሩን ዘግታለች።

«እትዬ፣ ደሜ አልቆም አለ። ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኔ ነው። ውስጤ የሆነ ነገር የተበጠሰ ነው የሚመስለኝ።»

ከሦስት ሳምንት በፊት የሦስት ወር መርፌ ተወግታ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜዋ ነው።

«ስትወጊ ምን አሉሽ?» አልኳት።

«ቀጠሮሽ ታኅሣሥ ነው፣ እንዳትረሺ አሉኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም አላሉኝም።»

እኔም ከስምንት ዓመት በፊት እንዲሁ ነበርኩ። ወረፋው ረጅም ነበር፣ ነርሷም ደክሟት ነበር፤ ተወጋሁና ወጣሁ። ከዚያ ለአርባ ቀን ያህል ጠብ ጠብ ሲልብኝ ከረመ። ለማንም አልተናገርኩም። በልቤ ግን ካንሰር ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ቀጠሮዬ ሲደርስ አልሄድኩም። ነገሩ ምን እንደነበር የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። ጓደኛዬ የሆነች አዋላጅ ነርስ ቡና እየጠጣን በአምስት ደቂቃ አስረዳችኝ። ያቺ አምስት ደቂቃ በጊዜው ብትሰጠኝ ኖሮ ያን ሁሉ ሌሊት እንቅልፍ አላጣም ነበር። እኔ ሐኪም አይደለሁም። እዚህ የምጽፈው ከዚያ ወዲህ ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁትን፣ ባለሙያዎችም የሚስማሙበትን ነው።

ደሙ ለምን ይዛባል?

ከደሙ ልጀምር፤ ሴቶችን ከምንም በላይ የሚያስደነግጣቸው እሱ ነው።

በተፈጥሮ ሰውነታችን ሁለት ሆርሞኖችን በተራ ያሠራል። መጀመሪያ ኤስትሮጅን የማህፀንን የውስጥ ሽፋን ያወፍረዋል። እንቁላል ከወጣ በኋላ ደግሞ ፕሮጄስትሮን መጥቶ ሽፋኑን ለፅንስ ያዘጋጀዋል። ፅንስ ካልተፈጠረ ሁለቱም ሆርሞኖች ይወርዳሉ፣ ሽፋኑም ተልጦ ከደም ጋር ይወጣል። የወር አበባ ይኸው ነው።

መርፌውና ክንድ ላይ የሚቀበረው ግን አንድ ሆርሞን ብቻ ነው ያላቸው፤ ፕሮጄስትሮንን የሚመስል። ሥራው ሦስት ነው። እንቁላል እንዳይወጣ ያደርጋል፤ የማህፀን በር ላይ ያለውን ፈሳሽ አወፍሮ የወንዱ ዘር እንዳያልፍ ይከላከላል፤ የማህፀኑንም ሽፋን ያሳሳዋል። ደሙን የሚያዛባው ይህ የመጨረሻው ነው። በሳሳ ሽፋን ላይ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ስስ ስለሆኑ በቀላሉ ይደማሉ። ስለዚህ ደሙ እንደ ወትሮው ወሩን ጠብቆ በአንድ ጊዜ አይመጣም። ዛሬ ጠብ ይላል፣ ነገ ይጠፋል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ይመለሳል።

የተበጠሰ ነገር የለም። ማህፀንም አልቆሰለም። ይህን ለአክስቴ ልጅ ስነግራት መጀመሪያ ዝም አለች፣ ከዚያ «ታዲያ ይህን መናገር ምን ይከብዳል?» ብላ አለቀሰች።

መርፌው

በሀገራችን ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው መርፌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡ ሴቶች 36 በመቶው የወሊድ መቆጣጠሪያ ይጠቀሙ ነበር። ካገቡት ሁሉ 23 በመቶው የሚጠቀሙት መርፌ ነበር። ክንድ ላይ የሚቀበረውን የሚጠቀሙት 8 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ዴፖ የምንለው መርፌ በየሦስት ወሩ የሚወጋ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ደም መዛባቱ፣ አንዳንዴም ከስምንት ቀን በላይ መቆየቱ የሚጠበቅ ነው። መርፌው በተደጋገመ ቁጥር ነገሩ ይገለበጣል። ዓመት ከሞላቸው ሴቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጭራሽ ደም አያዩም።

ያኔ ደግሞ ሌላው ጭንቀት ይመጣል። «ደሙ የት ሄደ?» «ወደ ጭንቅላቴ ወጥቶ ያሳብደኛል?» «ሆዴ ውስጥ ተጠራቅሞ ይሆን?» ይህን ከሠፈር ሴቶች ስንት ጊዜ እንደሰማሁ! መልሱ ቀላል ነው። ሽፋኑ ስላልወፈረ የሚላጥ ነገር የለም። የሚላጥ ከሌለ የሚፈስም የለም። የተጠራቀመ ደም የለም። እንዲያውም ደም ማነስ ላለባት ሴት ደሟ መቅረቱ ይጠቅማታል።

ክብደት ሌላው ነው። እዚህ ላይ «እሱ እንኳን የምግብሽ ነው» ብሎ ማለፍ ልክ አይደለም። መርፌው ላይ ያሉ ሴቶች በአማካይ በዓመት ከ1 እስከ 2 ኪሎ ይጨምራሉ። አማካይ ነው፤ ምንም ያልጨመረች አለች፣ የቀነሰችም አለች፣ ከዚያ በላይ የጨመረችም አለች። ከመጀመርሽ በፊት ተመዘኚ። በየቀጠሮው ተመዘኚ። በመጀመሪያው ስድስት ወር ቶሎ ቶሎ ከጨመረብሽ፣ ይህን ማወቅሽ ለሚቀጥለው ምርጫሽ ይጠቅምሻል።

ከዚያ የመውለድ ጥያቄ አለ። «መርፌ ያመክናል» የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። መርፌው አያመክንም፤ ግን ያዘገያል። ሴቶች ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለማርገዝ በአማካይ 10 ወር ገደማ ይወስድባቸዋል። ይህን ያልተነገራት ሴት መርፌውን አቁማ አራትና አምስት ወር ስትጠብቅ፣ አማቷም በጎን ስታያት፣ መክኛለሁ ብትል ምን ይፈረድባታል? በዓመት ውስጥ መውለድ የምታስብ ሴት ይህን ሐሳቧን በመጀመሪያው ቀን መናገር አለባት፤ ለእሷ የሚሻል ሌላ ዘዴ አለ።

ረዘም ላለ ጊዜ የሚወስዱትን የሚመለከቱ ሁለት ነገሮችም አሉ። መርፌው እየተወሰደ ሳለ የአጥንት ጥንካሬ በመጠኑ ይቀንሳል፤ ሲቆም አብዛኛው ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ የወጣ የፈረንሳይ ጥናት፣ ከዓመት በላይ የወሰዱ ሴቶች ላይ ሜኒንጂዮማ የሚባል የአንጎል ሽፋን ዕጢ የመገኘት ዕድሉ ከፍ ብሎ እንዳገኘ ገልጿል። ዕጢው በአብዛኛው ካንሰር አይደለም፣ ብዙም አይታይም። ዓመታት የቆየሽበት ከሆነ ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪበት።

አንድ ነገር ልጨምር። መርፌ አንዴ ከገባ አይወጣም። ባይስማማሽ ሦስቱን ወር መጠበቅ ግድ ነው። እንዲያውም ስሜቱ ከሦስት ወርም አልፎ ሊቆይ ይችላል። ክኒን ዛሬ ልትተዪ ትችያለሽ፣ ክንድ ላይ ያለውን ታስወጪያለሽ። ይህን ልዩነት ሳያውቁ መወጋት ከባድ ነው።

በየቤታችን የሚያስጨንቅ፣ በየጤና ጣቢያው ግን የማይነሳ ነገርም አለ። ጠብ ጠብ የሚለው ደም ከእምነታችን ጋር ይጋጫል። ኦርቶዶክሷ ደም ላይ ሆና ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ለፍልሰታ ልቁረብ ብላ ስትጾም የከረመች ሴት በመጨረሻው ቀን ጠብ ሲልባት የሚሰማትን ያየሁት በቅርብ ነው። ሙስሊሟም ከወር አበባ ውጭ የሚታይ ደም ለሶላቷ የራሱ ሥርዓት አለው። ስለዚህ ዘዴውን ከመምረጥሽ በፊት ለነርሷ ይህን ንገሪያት። የንስሐ አባትሽን ወይም ኡስታዝሽን መጠየቅም አያሳፍርም። ደብቀው የሚወስዱ ሴቶችም አሉ፤ ለእነሱ የደሙ መዛባት ብቻውን ምስጢራቸውን ሊያወጣባቸው ይችላል።

ክንድ ላይ የሚቀበረው

ኢምፕላኖን አንዲት ለስላሳ ዘንግ ናት። ርዝመቷ 4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የክብሪት እንጨት ብትያት ልክ ነው። ለ3 ዓመት ትሠራለች። ጃዴል ሁለት ዘንጎች ነው፣ ለ5 ዓመት።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክንድሽ ይጠቁራል፣ ያብጣል፣ ሲነካ ያማል። ማደንዘዣው ሲለቅ ይብስ ይሆናል። ይህ በጥቂት ቀን ይጠፋል። ቦታው መግል ከያዘ፣ ከቀላና ከጋለ ግን ሂጂና አሳዪ።

«ከባድ ዕቃ ካነሳሽ ትወጣለች»፣ «ወደ ልብ ትሄዳለች» ይባላል። ቁስሉ ከዳነ በኋላ እንጀራ መጋገሩንም፣ ውሃ መሸከሙንም፣ ልብስ ማጠቡንም የሚከለክል ነገር የለም። በደንብ ከቆዳ ሥር የገባች ዘንግ እዚያው ነው የምትቆየው፤ በጣትሽ ዳሰስ ስታደርጊያት ታገኚያታለሽ። አልዳሰስ ካለች ባለሙያ ይያት።

ደሙ እዚህም ይዛባል። እንደ መርፌው ሁሉ ጠብ ጠብ ሊል፣ ሊረዝም፣ ሊጠፋም ይችላል። እስከ አንድ ዓመት ሳይረጋ የሚቆይባቸው ሴቶች አሉ። ደሙ ካስቸገረ ነርሷ ወይም ሐኪሙ እንደ አይቡፕሮፌን ያለ መድኃኒት ለጥቂት ቀናት ሊያዙልሽ ይችላሉ፤ ለብዙዎች ይቀንስላቸዋል። ይህ መፍትሔ እንዳለ እንኳ የማያውቁ ሴቶች ብዙ ናቸው። ዝም ብለው ሞዴስ እየቀያየሩ ይከርማሉ።

ካልቻልሽ ደግሞ ማስወጣት መብትሽ ነው። «ገና ዓመት አልሞላሽም፣ ታገሺ» ተብላ ሦስት ጊዜ የተመለሰች ሴት አውቃለሁ። ማስታገሻ መድኃኒት ማቅረብ፣ ምናልባት ትንሽ ብትጠብቂ ብሎ መምከር ደግ ነው። እምቢ ማለት ግን ለማንም አልተሰጠም። ዘንጓ ስትወጣ ሆርሞኑ በቀናት ውስጥ ከሰውነት ይጠፋል፣ የመውለድ አቅምም ወዲያው ይመለሳል። ማርገዝ ካልፈለግሽ በዚያው ቀን ሌላ ዘዴ ጀምሪ።

ስለ መድኃኒቶች ጠንቀቅ እንበል። የቲቢ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን፣ እንደ ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል ያሉ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሆነው ኤፋቪሬንዝም ክንድ ላይ ያለውን ሆርሞን ኃይል ያዳክማሉ። ክኒንንም እንዲሁ። ከእነዚህ አንዱን የምትወስድ ሴት እርግዝና ሊመጣባት ይችላል። የሦስት ወር መርፌ ግን በእነዚህ አይዳከምም። ስለዚህ ቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ስትገቢ የምትወስጂውን መድኃኒት ሁሉ ተናገሪ፣ ቢያፍሩበትም።

ውጭ ላሉ እህቶቼ አንድ ማስታወሻ አለኝ። ካርድሽ ላይ 12/03/2015 ተብሎ ተጽፎ ከሆነ ያ በእኛ ቀን አቆጣጠር ነው፤ ኅዳር 12፣ 2015 ማለት ነው። ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ያለ ሐኪም ግን በራሱ አቆጣጠር ነው የሚያነበው። ሰባት ዓመት ያህል ወደኋላ ወሰደው ማለት ነው! ዘንጓ ጊዜዋ እንዳለፈ ቆጥሮ ሊያስወጣት ይችላል። እንደ ፈረንጆቹ ኅዳር 21 ቀን 2022 መሆኑን ጎኑ ላይ ጻፊበት። ወደ ሪያድ ወይም ቤሩት ከመብረራቸው በፊት መርፌ ለሚወጉትም ምክሬ ያው ነው። የመርፌውን ስምና ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋችሁ ፓስፖርታችሁ ውስጥ አድርጉት። በሰው ቤት ደሙ ሲዛባ ምን እንደወሰዳችሁ መናገር መቻል አለባችሁ።

ክኒኑ

በብዛት የሚሸጠው ክኒን ሁለቱም ሆርሞን አለው። ስለዚህ ደሙ ከሌሎቹ የተሻለ ሥርዓት ይይዛል። በብዙ እሽጎች 28 ፍሬ አለ። 21ዱ ሆርሞን የያዙት ናቸው። ሰባቱ ቡናማዎች ብረት ናቸው። ቡናማዎቹ ላይ ስትደርሺ ደም ይመጣል፤ መጠኑ ከቀድሞው ያነሰ ነው። ገና ስትጀምሪ ባልተጠበቀ ቀንም ጠብ ሊል ይችላል፤ በሁለት ሦስት ወር ይስተካከላል። ክኒን የምትረሳ ሴት ላይ ደግሞ ጠብ ማለቱ ይደጋገማል።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ማቅለሽለሽ የተለመደ ነው። ጡት ያብጣል፣ ሲነካ ያማል፤ የወር አበባ ሊመጣ ሲል እንደሚሰማሽ ዓይነት። ቀለል ያለ ራስ ምታትም አለ። ለማቅለሽለሹ የሚረዳው ከእራት በኋላ ወይም ልትተኚ ስትይ መውሰድ ነው። በባዶ ሆድ ጠዋት ቡና ላይ አትውሰጂው። ሰዓቷን ግን ጠብቂ። ክብደትን በተመለከተ ጥናቶች ክኒኑ በአማካይ ጉልህ ጭማሪ እንደሚያመጣ አላሳዩም።

ማድያትም ሊያመጣ ይችላል። በተለይ በእርግዝና ጊዜ ማድያት ወጥቶብሽ የነበረ ከሆነ ተጠንቀቂ። ፀሐይ ያባብሰዋል፤ ጥላ፣ ነጠላ፣ የፀሐይ ክሬም ይረዳሉ።

«እናቴ ስትወስድ ስንት ነገር ሆናለች» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1960 አሜሪካ ውስጥ ለወሊድ መቆጣጠሪያነት ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈቀደው ኢኖቪድ የሚባለው ክኒን 150 ማይክሮግራም ኤስትሮጅን ነበረው። የዛሬዎቹ ብዙውን ጊዜ 30 ወይም ከዚያ በታች ነው።

የደም መርጋት የሚያሰጋው ይህ ኤስትሮጅን ያለበት ክኒን ነው። ቁጥሩን በትክክል እንየው። ክኒን ከማይወስዱና ካላረገዙ 10,000 ሴቶች ውስጥ በዓመት ከ1 እስከ 5 የሚሆኑት ደማቸው ይረጋል። ክኒን ከሚወስዱት ከ3 እስከ 9። እርጉዝ ከሆኑት ከ5 እስከ 20። በወለዱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ ከ40 እስከ 65። ስለዚህ ክኒኑ ሥጋቱን ይጨምራል፤ እርግዝናው ግን ይበልጠዋል።

ሥጋቱ ለሁሉም እኩል አይደለም። ከ35 ዓመት በላይ ሆና ሲጋራ የምታጨስ፣ ደም ግፊቷ ከፍ ያለ፣ ደሟ ረግቶ የሚያውቅ፣ ራስ ምታቷ ሊጀምራት ሲል ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚልባት ሴት ይህን ክኒን መጀመር የለባትም። ጡት የምታጠባም ሕፃኗ ስድስት ወር ሳይሞላው ሌላ ዘዴ ቢመረጥላት ይሻላል። ደም ግፊትሽን ሳይለኩ ክኒን የሚሰጡሽ ከሆነ «እባካችሁ ለኩኝ» በይ። አንድ ደቂቃ ነው።

ያለ መከላከያ ከተደረገ ግንኙነት በኋላ የሚዋጠው ፖስት ፒል ለአንድ ጊዜ ድንገተኛ የሚሆን ነው። ከወሰድሽው በኋላ የሚመጣው የወር አበባ ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል፤ ማቅለሽለሽም አለው። በየወሩ የምትገዢው ከሆነ ግን ቋሚ ዘዴ ብትይዢ ይሻልሻል፤ ይበልጥ አስተማማኝ ነው።

ስሜትና ፍላጎት

ሴቶች የሚያፍሩበት ይህ ነው። «ከጀመርኩ ወዲህ ሁሉ ነገር ያስለቅሰኛል።» «ባሌን ማየት አስጠላኝ።» አንዳንዷ ላይ ምንም አይመጣም፣ አንዳንዷም የእርግዝና ፍርሃቷ ስለቀለለላት ይሻላታል። ግን የሚከፋቸውም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ዴንማርክ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት፣ ሆርሞን ያለበት መቆጣጠሪያ በሚጠቀሙት ዘንድ የድብርት መድኃኒት መጀመር ከፍ ብሎ አግኝቷል። በተለይ በአፍላ ወጣቶቹ ላይ። ድብርቱን ያመጣው መቆጣጠሪያው ራሱ ነው ለማለት ያ ጥናት አይበቃም። ሆኖም የሴቶቹን ቃል «የራስሽ ፈጠራ ነው» ብሎ መጣል አይቻልም። ቀድሞ ድብርት ያየሽ ከሆነ ስትጀምሪ ተናገሪ። አንድ የምታምኛት ሰውም ፀባይሽን እንድትከታተልልሽ ንገሪያት፤ እኛ ራሳችን ላይ የሚመጣውን ለውጥ ቀድሞ የሚያየው ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው። ሞት ካስመኘሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ሂጂ።

መቼ ነው የማይጠበቀው?

እስካሁን ያልኩት አብዛኛው የሚያስቸግር እንጂ የሚገድል አይደለም። የሚከተሉት ግን ሌሊትም ቢሆን ያስኬዳሉ። አንድ እግርሽ ብቻ፣ በተለይ ባቱ፣ ካበጠና ካመመሽ። ድንገት ደረትሽ ከወጋሽና መተንፈስ ካቃተሽ። ዓይተሽው የማታውቂው ዓይነት ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ወይም ዓይንሽ ድንገት ከጋረደሽ፣ ምላስሽ ከተሳሰረ፣ አንድ ጎንሽ ከደነዘዘ። ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ። ከሆድሽ በታች፣ በተለይ በአንድ በኩል፣ የማያስቆም ሕመም ከያዘሽ። ደሙም በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያስቀይር ከሆነ፣ ወይም ከደሙ ጋር ራስሽን የሚያዞርሽ ከሆነ። ክፍሉ ውስጥ ስትገቢ መጀመሪያ የምትናገሪው «የወሊድ መቆጣጠሪያ እወስዳለሁ» የሚለውን ይሁን፤ ካልተናገርሽ ሐኪሙ በሌላ አቅጣጫ ሲፈልግ ጊዜ ይሄዳል።

ደም ለረዘመባት ደግሞ ደም ማነስ እንዳይመጣባት ምስር፣ ጎመን፣ ከተገኘም ሥጋ ይረዳታል። ቡናና ሻይ ከምግብ ላይ ወዲያው ሲጠጡ የብረቱን መግባት ይቀንሳሉ፤ ትንሽ ቆይተሽ ጠጪው።

ስላልተነገረን

ይህን ሁሉ የምለው ሴት እንድትፈራ አይደለም። እኔ ራሴ ክኒኑን ለአራት ዓመት ወስጃለሁ፣ ተስማምቶኛል። የሚያንገበግበኝ ሳይነገረን መግባታችን ነው።

ነገሩ ዛሬ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1956 ፖርቶ ሪኮ ውስጥ የመጀመሪያው ክኒን ሲሞከር ሥራውን የመሩት ዶክተር ኤድሪስ ራይስ-ሬይ፣ ከሴቶቹ 17 በመቶው የማቅለሽለሽ፣ የማዞር፣ የራስ ምታትና የማስመለስ ቅሬታ እንዳላቸው ጻፉ። ጉዳቱ በዝቷል አሉ። ክኒኑን የፈጠሩት ሰዎች ግን የሴቶቹን ቅሬታ ከሥነ ልቦና የመጣ ነው ብለው አቃለሉት።

ወደ እኛ ቤት ስንመጣ፣ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን እናቶች ታሪክ አለ። ብዙዎቹ ዴፖ ይወጉ ነበር። አንዳንዶቹ የሚወጉት ምን እንደሆነ በደንብ እንዳልተነገራቸው እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ በቴሌቪዥን ተናገሩ። በወሩ የጤና ሚኒስቴሩ ዋና ዳይሬክተር፣ ሴቲቱ ትርጉሙን መረዳቷ ካጠራጠረ መርፌውን እንዳያድሱ ለሐኪሞች መመሪያ ሰጡ። በኋላ የመንግሥት ተቆጣጣሪው ሴቶቹ ተገድደው እንደተወጉ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። ቢሆንም በራሷ ቋንቋ፣ በአማርኛ ወይም በትግርኛ፣ ቁጭ ብሎ ያስረዳት ሰው ነበረ ወይ የሚለው ጥያቄ አሁንም እኔን አይለቀኝም።

መንገር ምን ያህል እንደሚለውጥ ደግሞ ታይቷል። ሜክሲኮ ውስጥ ዴፖ የጀመሩ ሴቶችን ለሁለት ከፈሏቸው። ለአንዱ ቡድን ደሙ እንዴት እንደሚዛባ፣ ሲጠፋም ምን ማለት እንደሆነ በዝርዝር ተነገራቸው። ለሌላው የተለመደው ብቻ። በዓመቱ በደንብ ከተነገራቸው ያቋረጡት 17 በመቶ ነበሩ። ከሌሎቹ ግን 43 በመቶ። መርፌው ያው መርፌ ነው፣ የደማቸውም መዛባት ያው ነው። በሀገራችንም በ2016ቱ ጥናት ከተጀመሩት ዘዴዎች 35 በመቶው በዓመት ውስጥ ተቋርጠው ነበር። ከእነዚያ ውስጥ ስንቷ እንደኔ ካንሰር ነው ብላ ቤቷ ቀርታ ይሆን?

የአክስቴን ልጅ ያን ሌሊት አንድ ነገር ጨምሬ አልኳት። ግድግዳሽ ላይ ያለውን ካላንደር አውርጂ፣ ደም ባየሽ ቀን ሁሉ በእስክሪብቶ ነጥብ አድርጊ፤ ብዙ ከሆነ ክብ አድርጊ። ታኅሣሥ ላይ ቅጠሎቹን ይዛ ሄደች። ከጥቅምት ወደ ታኅሣሥ ነጥቦቹ እየሳሱ ሄደዋል። በዚህ ጊዜ ያገኘቻት ነርስ ሌላ ነበረች። ነጥቦቹን አንድ በአንድ ቆጠረችና «መቼ ለመውለድ ታስቢያለሽ?» አለቻት። «በሚቀጥለው ዓመት» አለች። ነርሷም የመርፌውን መዘግየት አስረዳቻት፣ ደም ግፊቷን ለካች፣ ክኒን ሰጠቻት።

ባለፈው ሳምንት ማታ ደውላ ነበር። «እትዬ፣ ትንሽ አቅለሸለሸኝ።»

«ስንተኛ ቀንሽ ነው?»

«አራተኛ። ግን ነግራኛለች፣ ከእራት በኋላ ውሰጂው ብላኛለች።» ከኋላዋ የቴሌቪዥን ድምፅና የባሏ ሳቅ ይሰማል። የምታወራው ከሳሎን ነበር።